ባሕር ዛፍ፣ ደብተር እና ቆሻሻ፦ ፌዴራሊዝም ለአካባቢ ጥበቃ አዲስ ሐሳብ ይወልዳል?

ከየካ ሚካኤል ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ ብታዩ ተራራው አረንጓዴ ነው። እንጦጦ ከጥግ እስከ ጥግ ዛፍ ለብሷል። ጥያቄው ግን «ይህ ዛፍ ማነው? ከየት መጣ?» የሚል ነው። የሚበዛው የአገራችን ጽድ ወይም ወይራ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ። አገሩ አውስትራሊያ ነው።

ይህ ዛፍ እዚህ የደረሰው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ነው። ዛሬ ግን ስለ ዛፍ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ወንዝና ስለ ቆሻሻ የሚወስነው አንድ ሰው፣ አንድ መሥሪያ ቤትም አይደለም። የፌዴራል መንግሥት አለ፣ ክልሎች አሉ፣ አዲስ አበባም የራሷ አስተዳደር አላት። ታዲያ የትኛው ይሻላል? ከላይ አንድ ትእዛዝ ሲወርድ ነው አዲስ መፍትሔ የሚገኘው? ወይስ ብዙ ክልሎች እያንዳንዳቸው የመሰላቸውን ሲሞክሩ?

መልሱን በሦስት ነገሮች እንፈልገዋለን፦ በባሕር ዛፍ፣ በመሬት ይዞታ ደብተር እና በቆሻሻ። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዛፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ታች፣ ወደ ፍልውኃው አካባቢ ወረደ። ከተማዋ አደገች። ሕዝብ ሲበዛ ማገዶ ይበዛል፤ ቤት ለመሥራት እንጨት ያስፈልጋል፤ ለእንጀራም፣ ለወጥም፣ ለጠላም እሳት ያስፈልጋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው ያለው ጽድና ወይራ እያለቀ መጣ።

በድሮው ልማድ እንጨት ሲያልቅ መፍትሔው ቀላል ነበር። ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ነቅለው ሌላ ቦታ ይከትማሉ። ዳግማዊ ምኒልክም ይህንኑ አስበው ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረው ሕንፃ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማዋም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

አዲስ አበባን በቦታዋ እንድትቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ገባ። ስላስገባው ሰው ከአንድ በላይ ትረካ ቢኖርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሞንዶን-ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ምኒልክ ዛፉ ቶሎ እንደሚያድግ ሲያዩ ሥራውን ለአጋጣሚ አልተዉትም። ችግኝ በርካሽ እንዲከፋፈል አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬትም ከግብር ነፃ አወጡ። ዛሬ በኢኮኖሚክስ ትምህርት «ማበረታቻ» የምንለው ይህ ነው።

ሰውም ተከለ፤ ለምን አይተክል? ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ለአጣና ይደርሳል። ቅጠሉ እንኳ አይጣልም፤ ለምጣድ ይሆናል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ የካና ወደ ሾላ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ኑሯቸው በዚህ ዛፍ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። ዛፉ ውኃ ይጠጣል፤ ምንጮችን ያደርቃል የሚል ስሞታ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1913 አዲስ አዋጅ ወጣ፦ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ቅጠሉን የሐር ትል በሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ ይተካ የሚል። አዋጁ ወጣ እንጂ ማንም ብዙም አልሰማውም። ሰው በገንዘቡና በጉልበቱ የተከለውን፣ ገበያ ያገኘለትን ዛፍ በአንድ ወረቀት ሊነቅል አልወደደም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ማእከል ብቻ የሚወስንበት አሠራር ሁለት ጠባይ አለው። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ በፍጥነት ይዳረሳል። ስሕተት ካለበት ግን ስሕተቱም አብሮ ይዳረሳል፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ሙከራም በአገሩ የለም። ባሕር ዛፍ ከሌላ ዛፍ ጋር ጎን ለጎን ተተክሎ አልተፈተነም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1913 «ይነቀል» ሲባልም ትእዛዙ በማስረጃ የተደገፈ አልነበረም።

ከዘመቻ ወደ ሕገ መንግሥት

ከንጉሡ ዘመን በኋላም መሪ ተቀየረ እንጂ አሠራሩ ብዙ አልተቀየረም። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ቀጥሎም እርከንና የደን ተከላ በዘመቻ ተሠራ፤ በብዙ ቦታ ገበሬው ለሥራው እህል ይከፈለው ነበር። የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ችግሩ የታየው በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ነው። በየቦታው ሰው የማኅበረሰብ ደኑን ጨፈጨፈ፣ እርከኑን አፈረሰ። ለምን ቢባል፣ ደኑ «የእኛ ነው» የሚል ስሜት አልነበረም። የመንግሥት ነበር፤ መንግሥቱ ሲሄድ ጠባቂው አብሮ ሄደ።

በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነገሩን በሌላ መልክ አዋቀረው። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አንቀጽ 44 ላይ ሰፈረ። ሥልጣኑም ተከፋፈለ። በአንቀጽ 51 መሠረት ስለ መሬትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። በአንቀጽ 52 መሠረት ደግሞ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱንና የተፈጥሮ ሀብቱን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። ባጭሩ፦ ዋናውን ሕግ አዲስ አበባ ያወጣል፤ ሥራው የሚሠራው ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ጅግጅጋ ወይም ሌላ ክልል ነው።

ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ መላ ይፈጥራል።

ቤተ ሙከራ የሚባለው ሐሳብ

ፌዴራሊዝምን ከፈጠራ ጋር የሚያያይዘው ታዋቂ ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው። የገረመኝ መነሻው ነው፤ በረዶ። እ.ኤ.አ. በ1932 በኦክላሆማ ግዛት በረዶ አምርቶ መሸጥ ያለ ፈቃድ ይከለከል ወይስ አይከለከል የሚል ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ደረሰ። ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉት ዳኛ በልዩነት ሐሳባቸው አንድ ነገር ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አንዲት ደፋር ግዛት ዜጎቿ ከፈለጉ እንደ ቤተ ሙከራ ሆና አዲስ ነገር ልትሞክር ትችላለች፤ ባይሳካ የቀረው አገር አይጎዳም።

በአካባቢ ጥበቃ ለዚህ ሐሳብ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ ካሊፎርኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1943 ሎስ አንጀለስ ዓይን በሚያቃጥል ጭጋግ ተሸፈነች። አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ ኬሚስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን መርምሮ የመኪና ጭስ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ጭጋጉን እንደሚፈጥር አሳየ። ግዛቲቱ አገሩን ሁሉ ቀድማ የመኪና ጭስ ገደብ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ1967 የፌዴራል ሕግ ሲወጣ ካሊፎርኒያ ብቻ የራሷን ጠበቅ ያለ ገደብ እንድታወጣ ተፈቀደላት፤ በ1977 ደግሞ ሌሎች ግዛቶች ከፈለጉ የካሊፎርኒያን ገደብ እንዲወስዱ ተፈቀደ። ይህ የካሊፎርኒያ መብት ዛሬም ድረስ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ያካስሳል። ሆኖም መንገዱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሞከረ፣ ተለካ፣ ሌላው ቀዳ።

«ይህ የአሜሪካ ነው፤ እኛ ጋ ሠርቷል ወይ?» ካላችሁ፣ አዎ፣ ሠርቷል። እንዲያውም ብዙ ሰው ሳያስተውለው።

ደብተሩ ከታች ወደ ላይ ወጣ

የአፈር መሸርሸር ከኢትዮጵያ የአካባቢ ችግሮች ዋነኛው ነው። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ እርከን፣ ዛፍ፣ የተራቆተ ተራራን ከከብት መከለል። ግን አንድ ገበሬ እርከን የሚሠራው መቼ ነው? መሬቱ ከዓመታት በኋላም በእጁ እንደሚቆይ ሲያምን ነው። ነገ ለሌላ ይሰጥብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እርከን አይክብም። በአማራ ክልል በ1989 የመሬት ሽግሽግ ስለተደረገ ይህ ስጋት ባዶ ሐሳብ አልነበረም።

በዚያው በ1989 የፌዴራል መንግሥት የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 89/1989ን አወጣ። አዋጁ ዝርዝሩን ለክልሎች ተወው። ይህ «መተው» ነው በሩን የከፈተው።

መጀመሪያ የገባችው ትግራይ ናት። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ጀመረ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ዘመናዊ ካርታ የለም፣ የሳተላይት መሣሪያ የለም። የመሬቱ ስፋት በቀላል መሣሪያ ይለካል፣ አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ ይመዘገባል፣ ወረቀት ይሰጣል። በዋናነት የሚጻፈው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነው።

ቀጥሎ አማራ ክልል ገባ። በ1992 የራሱን የመሬት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 46/1992ን አወጣ። የአካባቢ ጥበቃንና የመሬት አስተዳደርን አንድ ላይ የያዘ መሥሪያ ቤትም አቋቋመ፤ ይህ ራሱ አዲስ ሐሳብ ነበር፤ መሬትና አካባቢ በአንድ ጣሪያ ሥር። ደብተሩን በስፋት መስጠት የጀመረው በ1995 አካባቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ ለውጥ ተደረገ፦ ደብተሩ የባልና የሚስት ስም አንድ ላይ የሚጻፍበት፣ የሁለቱም ፎቶ የሚለጠፍበት ሆነ። ኦሮሚያና የያኔው ደቡብ ክልልም ብዙ ሳይቆዩ የየራሳቸውን ጀመሩ።

ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ፎቶ ማስለጠፍ። ግን አስቡት፤ ባል ቢሞት ወይም ትዳር ቢፈርስ ሴትየዋ ቀበሌ ሄዳ «ይኸው እኔም አለሁበት» ብላ ፎቶዋን ታሳያለች። ማንበብ ባትችል እንኳ ደብተሩ የሷም መሆኑን ታውቃለች።

ከዚያስ? በ1997 የፌዴራል መንግሥት የመሬት ሕጉን አሻሻለ፤ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ይባላል። አዲሱ ሕግ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥ ደነገገ፤ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነም ማረጋገጫው በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አለ። ማለትም ክልሎች ቀድመው የሞከሩትን የፌዴራል ሕጉ ተቀበለ። ሐሳቡ ከላይ ወደ ታች አልወረደም፤ ከታች ወደ ላይ ወጣ።

ውጤቱም ተለክቷል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በምሥራቅ ጎጃም ባደረጉት ጥናት ደብተር የደረሳቸው ገበሬዎች ካልደረሳቸው ይልቅ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የበለጠ ተሳትፈዋል። ጥናቱ ሊሠራ የቻለው ደብተሩ በሁሉም ቀበሌ በአንድ ቀን ስላልተሰጠ ነው። አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘገየ፤ ስለዚህ ማነጻጸር ተቻለ። በምኒልክ ዘመን የጎደለው ይኸው ነበር።

አንድ ዛፍ፣ የተለያየ መልስ

ወደ ባሕር ዛፋችን እንመለስ፤ እሱም በፌዴራሊዝም ዘመን አልተኛም።

ትግራይ በ1989 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዛፍ በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ከለከለች። ምክንያቱ የተለመደው ነው፤ ውኃና አፈር ይወስዳል፣ የምግብ እህል የሚበቅልበትን መሬት ይሻማል። በሌላ በኩል የተራቆቱ ኮረብታዎች ላይ መትከል ይቻል ነበር።

አማራ ክልል ውስጥ ግን ገበሬው መትከሉን ቀጠለ። በጎጃም በአንዳንድ ወረዳዎች ባሕር ዛፍ ከጤፍ ጋር የሚፎካከር የገበያ ሰብል ሆነ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አፈሩ አሲዳማና የደከመ ስለነበረ ገበሬዎቹ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዝርያ መትከል ጀመሩ። እሱም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራሉ፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፤ መሬቱ እንደገና ለእህል ይታረሳል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ይህንን ያመጣው የክልል ምክር ቤት አልነበረም፤ ገበሬው ራሱ ነው። ክልሉ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር አለመከልከሉ ነው።

ታዲያ ማን ትክክል ነበር? ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ፋግታ ለኮማ ብዙ ቤተሰብ ገቢ አገኘ፤ የተራቆተው መሬት በዛፍ ተሸፈነ። በቅርብ ዓመታት ግን በዛፉ ላይ የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ጉዳት አደረሰ። አንድ ዝርያ ብቻ የሚተከልበት ቦታ በሽታ ሲመጣ መሸሻ የለውም። ጥሩነቱ ይህ ጉዳት የመላው አገሪቱ ጉዳት አለመሆኑ ነው። ከላይ «ሁላችሁም ዲከረንስ ትከሉ» የሚል ትእዛዝ ወርዶ ቢሆን ኖሮ አስቡት።

ወለሉን ማን ያበጃል?

እስካሁን ያየነው መልካም ጎኑን ነው። ፌዴራሊዝም ግን ተቃራኒ አደጋም አለው። ክልሎች ባለሀብት ለመሳብ ሲሽቀዳደሙ «ወደ እኛ ኑ፣ ስለ ፍሳሹ ብዙ አንጠይቅም» ማለት ሊጀምሩ ይችላሉ። አንዱ ሲያላላ ሌላው ይበልጥ ያላላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ አንድ መላ አበጅቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ የላላ ግን አይፈቅድም። እንደ ቤት ወለል ቁጠሩት፤ ወደ ላይ ፎቅ መጨመር ትችላላችሁ፣ ወለሉን መቆፈር ግን አትችሉም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 295/1995 ደግሞ እያንዳንዱ ክልል የራሱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲኖረው አደረገ።

በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ፎቅ የሠራ ክልል ብዙ አይታይም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ የአብዛኞቹ ክልሎች በጀት በዋናነት ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ ላይ የቆመ ነው። የወንዝ ውኃ የሚመረምር ላቦራቶሪና ባለሙያ ሳይኖር ጠበቅ ያለ ደረጃ ማውጣት ከንቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፖለቲካዊ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን ቢከፋፍልም፣ ለረጅም ዓመታት ከፌዴራል እስከ ቀበሌ የዘረጋው ያው አንድ የፓርቲ መዋቅር ነበር። ከላይ የመጣ ዕቅድ በየክልሉ ተመሳሳይ መልክ ይዞ ይወርዳል። የቤተ ሙከራዎቹ ቁጥር ብዙ ቢሆንም ተመራማሪው አንድ ከሆነ ሙከራውም አንድ ነው።

እውነት ለመናገር ፌዴራል መሆን ለአዲስ ሐሳብ የግድ አስፈላጊ አይደለም። ሩዋንዳ ፌዴራል አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክላ በጥብቅ አስፈጸመች። እኛ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን፣ ማምረትና ማስገባት እንዳይፈቀድ አድርገን ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየጎዳናው ያየነውን ፌስታል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደገና ፌስታልን የሚከለክል አዲስ ሕግ አጸደቀ። ስለዚህ የፌዴራሊዝም ጥቅም ፍጥነት አይደለም። ጥቅሙ ብዙ መንገድ በአንድ ጊዜ መሞከሩና የትኛው እንደሠራ መታየቱ ነው።

ቆሻሻው ድንበር ሲሻገር

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ደረስን።

ከየካ በኮተቤ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ለገጣፎን አልፎ ሰንዳፋ ይደርሳል። መንገዱ ላይ የአስተዳደር ወሰን ታቋርጣላችሁ፤ ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ኦሮሚያ ገባችሁ። በመኪና ምንም አይታወቃችሁም፤ በሕግ ግን ሌላ ቤት ነው የገባችሁት።

አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የጣለችው በደቡብ ምዕራብ በኩል ቆሼ ላይ ነው። ቦታው ሞላ፣ ተራራ ሆነ። ከተማዋ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ አሠራች፤ በጥር 2008 ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ግን ተቃወሙ። ሽታው፣ ከቆሻሻው የሚወጣው ፍሳሽ፣ የከብቶቻቸው ጤና አሳሰባቸው። ቆሻሻው የከተማው ነው፤ መሬቱ የእነሱ ነው፤ ከተማውን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች ደግሞ እነሱ አልመረጧቸውም። በኦሮሚያ ሰፊ ተቃውሞ የነበረበት ወቅት ነበረና ቦታው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2008 ክረምት፣ ተዘጋ።

ቆሻሻው ወዴት ይሂድ? ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ምሽት የቆሼ ቆሻሻ ተራራ ተናደ። በሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

የሰንዳፋ መዘጋት የአደጋው ብቸኛ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ቆሼ ለዓመታት አደገኛ ነበር፣ ሰው በሥሩ እንዲኖር መደረጉም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ግን ታሪኩ የፌዴራሊዝምን ደካማ ቦታ ያሳየናል። ዘመናዊ ማስወገጃ መሥራት የቴክኒክ ፈጠራ ነው። ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ «ጉዳቱን ማን ይሸከማል? ጥቅሙን ማን ያገኛል? ፍሳሹን ማን ይቆጣጠራል?» ብሎ መስማማት ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈጠራ ነው። አንደኛው ተሠራ፤ ሁለተኛው አልተሠራም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም ሲያነሣ የአገልግሎት አቅርቦትንና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን ጠቅሶ ዝርዝሩ በሕግ እንዲወሰን ይላል። ሰንዳፋ ያ ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ በተግባር አሳየ። ጉዳዩ የቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃም ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ማለትም ከኦሮሚያ ይመጣል።

ተራራው ወሰን አያውቅም

እንጦጦ ራሱ ይህንን ያስተምራል። ጫፉ የውኃ መክፈያ ነው። በሰሜን በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ። ቀበና ወንዝ ከዚሁ ተራራ ይነሣል፣ ከተማውን ያቋርጣል፣ ቆሻሻችንን ይዞ አቃቂ ውስጥ ይገባል። አቃቂ ደግሞ ኦሮሚያ ገብቶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ እስከ አፋር ይወርዳል። የካ ላይ የተጣለ ነገር ስንት አስተዳደር እንደሚያቋርጥ ቁጠሩ።

ስለዚህ የአካባቢ ጉዳዮችን በሁለት መክፈል ይጠቅማል። አንዱ እዚያው የሚቀር ነው፦ የአንድ ቀበሌ እርከን፣ የይዞታ ደብተር፣ በአንድ ወረዳ የሚተከል የዛፍ ዓይነት። እዚህ ላይ ክልሎች በነፃነት ይሞክሩ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይማራል። ሌላው ድንበር ዘለል ነው፦ ወንዝ፣ አየር፣ ቆሻሻ። እዚህ ላይ ነፃነት ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ የሚገኝ ወገን ሰጥቶ መቀበል የሚደረግበትን ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ ስምምነቱንም ማስከበር አለበት።

ዛሬ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፍ ቀስ በቀስ እንዲተካ የሚሠሩ አሉ። በምዕራቡ በኩል የጉለሌ የእጽዋት ማእከልን ያቋቋሙት የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ናቸው። በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት አናት የመጣ ፕሮጀክት ነው። በሐምሌ 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት ያስታወቀበት የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻም እንዲሁ ከላይ የመጣ ነው። ከላይ የመጣ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ የምኒልክ ባሕር ዛፍም አዲስ አበባን በቦታዋ አቆይቷታል። ሆኖም ከመቶ ዓመት በፊት ያልተጠየቀው ጥያቄ ዛሬ መጠየቅ አለበት፦ ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ? የትኛው ዝርያ በየትኛው አፈር? ቅጠል ተሸክመው ይኖሩ የነበሩት ሴቶችስ በምን ይተዳደሩ?

እነዚህን የሚመልስ ሰው ውጤት መለካትና ያገኘውን ለጎረቤቱ ማሳየት አለበት። ምሥራቅ ጎጃም ላይ ደብተሩ የሠራው፣ ሰንዳፋ ላይ ማስወገጃው የከሸፈው በሌላ ምሥጢር አይደለም። አንደኛው ቦታ ላይ መሬቱን የሚያርሰው ሰው ስሙና ፎቶው ወረቀቱ ላይ ነበረ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ስሙ የትም አልነበረም።